አባቷን ተከትላ የምትዞረው ሠራተኛ

ወንድሟ «ዘላኗ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙም ልክክ አለባት። እንደሷ ላፕቶፕ አንጠልጥለው እየዞሩ የሚሠሩ ባልደረቦቿ የባሕር ዳርቻ ፎቶ ይለጥፋሉ። እሷ ግን የምትዞረው አባቷን ተከትላ ነው። እናቷ ሲሞቱ ልጆቹ ተመካከሩና አባታቸው በየተራ ከየልጆቻቸው ቤት እንዲቀመጡ ተስማሙ። አእምሯቸው መዘንጋት ጀምሮ ስለነበር ደግሞ ቀን ቀን አብሯቸው የሚውል ሰው አስፈለገ። ታላላቆቿ ሁሉ ቢሮ ገቢ ናቸው። እሷ አላገባች፣ አልወለደች፣ ሥራዋም ላፕቶፕ ላይ ነው። ታዲያ ሸክሙ በማን ይውደቅ? በእሷ ወደቀ። እሷም አላጉረመረመችም፤ አባቷን ትወዳቸዋለች።

የትምህርት ቪዲዮ ታቀናብራለች። ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ድምፁን ታስተካክላለች፣ ከዚያ በኪስ ዋይፋይዋ ለመሥሪያ ቤቷ ትልካለች። ዘንድሮ ታዲያ መሥሪያ ቤቱ «እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸው ይበረታል ወይስ ይላላል?» ብሎ ጥናት አመጣ። ሥራንም የኢንተርኔትንም ፍጥነት የሚለካ ፕሮግራም በየላፕቶፑ ተጫነ። ውጤቱ የወረደ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ቢሮ ይገባል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» አይደል የሚባለው? ቢሮው ደግሞ ቅርብ አይደለም፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እሷ ከሄደች ሽማግሌው በር ተቆልፎባቸው መዋላቸው ነው።

ቤት በቀየሩ ቁጥር ሥራ ይስተጓጎልባት ስለነበር ውጤቷ አፋፍ ላይ ነበር። ቁርጡ የሚለየው ዛሬ ነው፤ አንድ ሙሉ ትምህርት እስከ ስድስት ሰዓት ልካ መጨረስ አለባት። ትናንት ታላቅ እህቷ ቤት እንደደረሱ ዋይፋዩን በየክፍሉ ሞከረችው። ጥሩ የሚስበው አባቷ ክፍል መስኮት ላይ ነው። ጠዋት እዚያው አስቀመጠችው፣ አባቷ እንዲተኙ በሩን ዘጋችና ሳሎን ሆና መላክ ጀመረች።

መጀመሪያ ላይ ፋይሉ ሽው ይል ነበር። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ መንፏቀቅ ጀመረ። ጭራሽ ቢጠፋ እኮ ምክንያት ይሆናት ነበር፤ እሱ ግን አይሞት አይድን። ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት። ላፕቶፑን አጥፍታ ከፈተች፣ ተነስታ ተቀመጠች። ወደ ክፍሉ መግባትም ፈራች፤ አባቷ ከነቁ እግር በእግር እየተከተሉ ያወሯታል፣ ያን ጊዜ ሥራ የለም።

ጥናቱን የሚያካሂደው ባለሙያ ደወለ። ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ነው ይበልጥ ያስፈራት።

«ፍጥነትሽ በጣም ወርዷል። እኛ በኩል ሳየው የሰፈሩ ኔትዎርክ ደህና ነው። አንቺ ጋ ነው ችግሩ።»

«አንዴ ልየው» አለችና ስልኩን ዘጋች። ግማሹ ገና አልሄደም። እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተች።

አባቷ አልተኙም። የቆርቆሮ ሳጥናቸውን እግራቸው ሥር አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። መስኮቱ ላይ ምንም የለም።

«አባባ፣ እዚህ የነበረችውን ትንሽዬ ዕቃ አይተዋታል?»

ሳጥኑን አየት አደረጉና ቶሎ ፊታቸውን አዞሩ። ተንበርክካ ከፈተችው። ዋይፋይዋ በአንገት ልብሳቸው ተጠቅልላ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል። በቆርቆሮ ታፍና ምን ልታደርግ! ከሥሯ የዘላኗ ጫማ፣ ቦርሳዋና የሥራ መታወቂያዋ ተደርድረዋል።

«ማታ ለእህትሽ ‹ካልሆነ እሄዳለሁ› ስትያት ሰማሁ» አሉ አባቷ። «ዕቃ የሌለው ሰው የትም አይሄድም ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ዋይፋዩን መስኮቱ ላይ መለሰችና ወደ ሳሎን ሮጠች። ፋይሉ በረረ። ሲያልቅ ግን ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ወዲያው የአለቃዋ መልእክት ገባ፤ «አልተሳካም፣ አዝናለሁ። ሰኞ ቢሮ እንጠብቅሻለን።»

መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ቀና ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ተቆጣሽ እንዴ?»

«ኧረ አልተቆጣሁም።»

«አትሄጂም አይደል?»

ለአባቷ ዋሽታ አታውቅም። እንባዋን ዋጥ አደረገችው።

«የት እሄዳለሁ፣ አባባ።»

እሳቸውም ተመልሰው ሳጥኑን ቆለፉ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ጋደም አሉ፤ ጠዋቱን ሙሉ እምቢ ያላቸው እንቅልፍ ወዲያው ወሰዳቸው።