በእጄ የሳልኩት መጽሐፍ

የያዙኝ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ነው። ሁለት ፖሊሶች ገቡ፤ አንዱ በሰደፍ አፌን መታኝ፣ ሌላው ጠረጴዛዬን በርብሮ የሥዕል መጽሐፌን አወጣ። ልጆቹ ይጮኻሉ። እጄን የፊጥኝ አስረው በሆሳዕና ገበያ መሃል እየገፈተሩ ወህኒ ቤት ወሰዱኝ።

መጽሐፉን የሠራሁት እኔው ነኝ። ስምንት ወረቀት ላይ በከለር እርሳስ ስዬ በክር ሰፋሁት። አንዲት ልጅ ቆጮ፣ ሌላዋ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ይተፋፈራሉ፤ መጨረሻ ላይ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ይኸው ነው። ልጆቹ እንዲዋደዱ ብዬ ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዷ የባላባት ልጅ ናት። መጽሐፉን ባየች ማግስት የአባቷን ጭሰኛ ልጅ እጇን ይዛ ቤቷ ወሰደቻት፤ ከአባቷ ገበታ አስቀመጠቻት። አሽከሮቹ የጭሰኛውን ልጅ ጎትተው ሲያስወጡ ክንዷን ሰበሩት። ክንዷ የተሰበረው ልጅ አባት ዱላ ይዞ ሄደ፣ አንዱን አሽከር ፈነከተ፣ ታሰረ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት እስር ቤት ውስጥ፣ ከራሱ ከአባትየው ነው።

የክፍሉ ወለል ጭቃ ነበር። የሽንትና የደም ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እንደገባሁ ከጥግ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ተነሣ። አማርኛው የሃዲይኛ ቅላጼ አለው።

«መምህር አንተ ነህ? ሥዕል ያሳየኸው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

በቡጢ ጣለኝ። ወድቄ ሳለሁ ሆዴን ረገጠኝ። እስረኞች ተረባርበው ያዙት።

«ልጄ ክንድ ተሰበረ! አንተ ነህ የላክሃት!»



በማግስቱ ረፋድ ላይ የወህኒ ቤቱ መቶ አለቃ አስጠራኝ። መጽሐፌ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ጌታና ጭሰኛ ባንድ ሳህን ይብሉ የሚል ማን አስተማረህ?»

«ልጆች ናቸው ጌታዬ። ጭሰኛ የሚል አልጻፍኩም።»

«ያ የታሰረው ጭሰኛ ነው ይህን እንድትስል ያደረገህ። ይህን ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

አልደብቅም፣ ልፈርም ፈልጌ ነበር። ገበሬው የረገጠው ሆዴ ገና ያመኛል። ብዕሩንም አንሥቻለሁ።

«ሰውየው መጽሐፉን አይቶት አያውቅም» አልኩና ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት።

አግዳሚ ላይ በደረቴ አስተኝተው በጉማሬ አለንጋ ገረፉኝ። እስከ አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ጠፋብኝ። መቶ አለቃው መጽሐፉን ቀዳዶ አፌ ውስጥ ጠቀጠቀው። «ብላ!» አለኝ።

ጎትተው ክፍሉ ውስጥ ሲጥሉኝ ዘበኛው ወደ ገበሬው ዞረ።

«ባንተ ላይ ፈርም ቢሉት እምቢ አለ። ጅል!»

ገበሬው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከጥርሴ መሃል የራሰውን ወረቀት በጣቱ አወጣልኝ። የቀኑ የመጠጥ ውሃው አንድ ጣሳ ነበር፤ ግማሹን ጀርባዬ ላይ አፈሰሰው።

ከሰዓት በኋላ የሱ ተራ ደረሰ። ጣቶቹ ከቀድሞው ድብደባ አብጠው አይታዘዙም። ያረጀ ኮቱ ደረቱ ላይ ተከፍቷል።

«ቆልፍልኝ መምህር» አለኝ። «እንዲህ ሆኜ አልወጣም።»

በጉልበቴ ተነሣሁ። ዘበኛው «ፍጠን!» ብሎ ትከሻዬን በዱላ መታኝ። ከታች ጀምሬ እስከ አንገቱ ቆለፍኩለት። ቀና ብሎ ወጣ። ሲገርፉት ድምፁን ሰማሁ። ወደ ክፍላችን ግን አልተመለሰም፤ ወደ ሌላ ወህኒ ቤት አዛወሩት አሉ።

እኔ ከአራት ወር በኋላ ተፈታሁ። ሞርሲቶ ከተማ አጠገብ ወዳለው የገበሬው መንደር ሄድኩ። ባላባቱ ቤተሰቡን ከመሬቱ አስነሥቷል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ከዚያም ብዙ ዓመት አስተማርኩ፤ ሌሎች የሥዕል መጻሕፍትም ሠራሁ። ደግነት በትምህርት ይገኛል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን በየዓመቱ፣ ልክ መስከረም ሲጠባ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ቤት በእግሬ ዞሬ አያለሁ። እዚያ ቤት ማን ማንን እንደሚፈራ ሳላውቅ ለልጅ «ሂድና ጓደኛህን ውደድ» ብዬ አላውቅም።