ወንድሜ የጣለው ስም

ባለፈው ወር ሳን ሆዜ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረኝ። ዓይኔ ስለደከመ በመኪና የሚያደርሰኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ «ታደሰ!» ብላ ስትጣራ ተነሳሁ። አጠገቤ የነበረው ወንድሜም ጋዜጣውን አጥፎ ብድግ ሊል ሲል ትዝ አለውና እየሳቀ ተቀመጠ። እሱ ማይክ ነው፤ ማይክ ከተባለ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ውስጥ ገብቼ ስለካ ነርሷ «የደም ግፊትህ ዛሬ ምን ነካው?» አለችኝ። ቅናት ነው አይባል ነገር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ሊያወጣ የመጣው መልአክ ግን እንቅልፍ ሳይጫጫነው አልቀረም። አባታችን ጉለሌ ልብስ ሰፊ ነበር። እናታችን እኔን ስታረግዝ፣ ለወንድ ልጁ ታደሰ የሚል ስም አዘጋጅቶ ጠበቀ። አዋላጇ «ሴት ናት» አለች። ተሳስታ ነበር፤ ስህተቷን የማርመው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ገና ከማልቀስ በቀር ምንም አላውቅ። ሌላ ስም ተሰጠኝ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። አባባ ታደሰን በኪሱ እንደያዘ አራት ዓመት ዞረና ወንድሜ ሲወለድ አወጣው። እሱ በወንድ ወግ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ፤ እኔን ሰማንያ ቀን አስጠብቀውኛል። አባባ ከሱቁ በር ሆኖ ያንን ስም ሲጣራ፣ ጓሮ ሆኜ ልቤ ይሮጥ ነበር። እግሬን ግን እይዘዋለሁ። አንዳንድ ቀን ወንድሜን ያለምንም ጥፋቱ እቆነጥጠው ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ሁለታችንም በሱዳን በኩል አሜሪካ ገባን። እሱ ኦክላንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እኔ ሳን ሆዜ ተከራይቼ ሚልፒታስ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ፀጉሬን ተቆርጬ እንደ ወንድነቴ መኖር ከጀመርኩ ያኔ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወንድሜ ይህን አይቶ «አንቺ»ም «አንተ»ም ላለማለት «እርስዎ» ይለኝ ጀመር። በአራት ዓመት ብቻ በልጬው የዕድር ዳኛ አደረገኝ።

የፍርድ ቤቱን የስም መለወጫ ፎርም ካመጣሁ ሁለት ወር አልፎ ነበር። ሁሉንም ሞልቼ አዲሱ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ዳዊት ብዬ ሞከርኩ፣ ሰሎሞን ብዬ ሞከርኩ፤ መስታወት ፊት ቆሜ ስጠራቸው የሚመጣልኝ ሌላ ሰው ነበር። የምፈልገው ስም ባለቤት ነበረው። በእኛ ቤት ደግሞ ሁለት ልጅ በአንድ ስም አይጠራም።

አንድ የፍልሰታ እሑድ ወደ ኦክላንድ ሄድኩ። ስወጣ ከሳን ሆዜ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች የሚመጣው የቲማቲም ሽታ እስከ አውራ ጎዳናው ተከተለኝ። ኦክላንድ ግን ጉም ወርዶ ይበርድ ነበር። ወንድሜ በፓንኬክ ዱቄት በጋገረው እንጀራ ምስር ወጥ አቀረበ።

«ሲትዝንሺፕ ልወስድ ነው» አለኝ። «በዚያው ስሜንም ቼንጅ አደርጋለሁ። ማይክ።»

«ታደሰስ?»

«ማን ፕሮናውንስ ያደርገዋል? ማናጀሬ ታዲ፣ ቱዲ ሲል ይውላል። ሰለቸኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁበትን ነገር እሱ እንደ አሮጌ ካልሲ ሊጥለው ነው። ሲይዘው ቀንቼበት ነበር፤ መጣል በመቻሉ ደግሞ የባሰ ቀናሁ።

«እንግዲያው ለእኔ ስጠኝ» አልኩት።

«ስም ጃኬት ነው እንዴ? እርስዎ ደግሞ!»

«አንተስ አውልቀኸው የለ?»

ፊቱ ተለወጠ። «አባባን ልጠይቀው» አለና ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረ።

መልሱ ሦስት ወር ፈጀ። አባባ የጻፈው ለእሱ ነበር። «ስሙን አንዴ ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም። የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ» ይላል። ለእኔ ሰላምታ እንኳ የለውም። ወንድሜ ደብዳቤውን አስነበበኝ እንጂ እሺም እምቢም አላለም። እኔም በእልህ ታደሰ ብዬ ሞላሁና ፎርሙን አስገባሁ። በሕጉ መሠረት አራት ሳምንት በጋዜጣ ወጣ፤ ተቃዋሚ ካለ በቀጠሮው ቀን ይቅረብ ተባለ።

በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት ስገባ ወንድሜ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አልጠራሁትም ነበር። ዳኛዋ ወረቀቱን እያየች እንደ ምንም ብላ «ታደሰ» ስትል ወንድሜ ከኋላ ብድግ አለ።

«ተቃውሞ አለህ?» አለችው።

ጥሎት እንኳን ሊነፍገኝ መጣ ብዬ በዚያች ቅጽበት ጠላሁት።

«ኖ፣ ኖ» አለ ተደናግጦ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው። «ስሜን ሲጠሩ ለምዶብኝ ነው የተነሳሁት። አሁን ግን የወንድሜ ነው።»

በሰው ፊት ወንድሜ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ዳኛዋ ፈገግ ብላ ፈረመች። ውጭ እንደወጣን «ና ቶሎ በል፣ ፓርኪንጉ ኤክስፓየር ሊያደርግብኝ ነው» አለኝ። እርስዎ ያለኝ ከዚያ ወዲህ ትዝ አይለኝም።

ከክሊኒኩ ስንመለስ ይህን ሁሉ ሳስብ ነበር። ዳኛዋ የፈረመችልኝ ስም መታወቂያዬ ላይ አለ፤ መቃብሬም ላይ ይጻፋል። አባባ ግን አንድ ቀን እንኳ በዚያ ስም ሳይጠራኝ ሞተ። ድምፁ ከወንድሜ ጋር ቀርቷል፤ ስሙን ጣልኩት ቢልም ዛሬም ብድግ የሚያደርገው ያ ድምፅ ነው። ሰባን አልፌ በዚህ እቀናበታለሁ፤ አልደብቅም።

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም «አባባ ከሱቁ በር ሆኖ እንዴት ነበር የሚጠራህ?» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ አንገቱን ቀና አደረገና አባታችንን ሆኖ «ታደሰ! አንተ ታደሰ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት፣ አባባ» አልኩ።