ያላወቅነውን ይዘን የምንሄድበት ሐሙስ

ሰሞኑን የሥራ ፈቃዴን ለማሳደስ ሥልጠና ገባሁ። ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ይሉታል፤ ነጥብህ ካልሞላ መርፌ እንኳ እንዳትነካ! አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ የታሸገው ውኃ ሙቅ፣ አሠልጣኙ ደግሞ ጥርሱን አብቅሎ ያልጨረሰ ልጅ ነው። እሱ ስላይድ ሲገለብጥ እኔ በሐሳብ ባሕር ዳር ሄድሁ።

በደርግ ጊዜ እዚያ ጀማሪ ሐኪሞች ነበርን፤ እኔና አንዲት የክፍል ጓደኛዬ። ያኔ ግዴታው የውይይት ክበብ ነበር፤ ቀርቶ የተገኘ ወዮለት! ሕክምናውን ተማራችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቀን ግን አልነበረም፤ ከአለቃችን በቀር። አለቃችን ሽማግሌ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ ጣና ዳር፣ ዓሣ ጠባሿ ዘንድ ያስቀምጡንና፣ "እህስ፣ በዚህ ሳምንት ምን አላወቃችሁም?" ይሉናል። ያላወቀውን ይዞ ያልመጣ ዓሣ አይቀርብለትም።

እኔ ዓሣ አምልጦኝ አያውቅም፤ አላዋቂነቴ ለሐሙሲት ገበያ ሁሉ ይተርፍ ነበር።

"ዶክተር፣ የመሸንቲው ገበሬ ሆዱ ለምን እንዳበጠ አላወቅሁም" አልኋቸው አንድ ቀን። "ውኃውን ብንቀዳለት ጣና ሞልቶ ከተማውን ይወስዳል።"

"ማጋነኑን ተወውና፣ ጉበቱን ዳሰስኸው?"

"ሩቅ ነው፣ አልደረስሁበትም።"

ጓደኛዬ በሳቅ ፍርስ አለች። እሳቸው ግን በዓሣ አጥንት ጠረጴዛው ላይ እየሣሉ እስኪመሽ ጉበት አስተማሩን።

አንድ ሐሙስ ቀረሶ ዓሣቸውን ሳይነኩ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ዛሬ ተራው የእኔ ነው" አሉ። "አንድ ሽማግሌ ሐኪም አለ። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ዓሣው፣ አሁን ደግሞ ሾርባው አልወርድ አለው። ከስቷልም። ምን ትሉታላችሁ?"

ቀበቷቸውን አየሁ፤ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል። ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ፣ "የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይመስለኛል፣ ዶክተር" አለች።

"ጎበዝ። አንተስ?"

"አላወቅሁም" አልሁ።

"ታውቃለህ" አሉኝ። "ዛሬስ ዓሣ አይገባህም ነበር።" ሳህኑን ግን ይበልጥ አስጠጉልኝ።

ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ፤ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ በሐሙስ ጣና ዳር የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

"ጥያቄ ያለው?" አለ አሠልጣኙ። እጄን አወጣሁ።

"ወንድሜ፣ እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት ያላወቅነውን ብንናገርስ?" አልሁ።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። "ጋሼ ደግሞ ቀልድ አያልቅብዎትም!" አለኝ ልጁ።

ምሳ ዓሣ ነበር። ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ሰጡኝ።