ጧሪ የላትም የሚለው ወረቀት

እናቴ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ በጉጠት ጥርስ ለሚነቅል ሰውዬ ሃምሳ ሳንቲም ከፈለች። ሰውዬው ጥርሱን ከላይ ሰብሮ ሥሩን ውስጥ ተወው። እኔ በጃንሆይ ጊዜ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ጉቴ አስተማሪ ነበርኩ፤ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ። ቅዳሜ ወደ ቤት ስገባ የግራ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊደፍነው ደርሷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ደሞዝሽ የቱ ጋ ይድረስ፣ ኢንታላ ኮ» አለች። «ልጄ» ማለቷ ነው። አባቴ የሸዋ ሰው ስለነበር እኛ ቤት ኦሮምኛውና አማርኛው ተቀላቅሎ ነበር የሚነገረው። እሱ ከሞተ በኋላም እንደዚያው ቀጠለች።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ አፏን በባትሪ ካየ በኋላ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። መግሉ አጥንት ገብቷል፤ አዲስ አበባ ሄዳ መንጋጋዋን ካልተቀደደች አትተርፍም አለ። የሚያስወጣው ሲሰላ የስድስት ወር ደሞዜ ነው። በአስተማሪዎች ዕቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለትን ሰው ተራውን እንዲለቅልኝ ለመንኩት፤ ለቤቱ ቆርቆሮ ገዝቶበት ጨርሷል። ከቤታችን የሚሸጥ ዕቃ ፈለግሁ፤ አልጋና ሁለት ወንበር ነበር ያለን።

«ሌላ መንገድ አለ» አለኝ ድሬሰሩ። «ድሃ መሆኗን ወረዳው ከጻፈላት በነፃ ይቀዷታል።»

የወረዳው ጸሐፊ ወረቀቱን አውጥቶ አነበበልን። ሦስት ሰዎች ይመሰክራሉ፣ እሷም አሻራዋን ታኖርበታለች። «ንብረት የሌላት፣ ጧሪ ልጅ የሌላት» ይላል።

እናቴ በሻሽ የታሰረውን አፏን እንደምንም ከፍታ «ልጅ አለኝ» አለች። «ይቺውና ቆማለች። አስተማሪ ናት።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እማማ፣ ልጅ ካለዎት ልጅዎ ትክፈል ነው የሚሉኝ። ሌላ ዓይነት ወረቀት የለኝም።»

ተመለስን። እናቴ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ እንኳ የማትምል ሴት ነበረች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣት አልጋዋ ሥር ተንበረከክሁ።

«ሃርሜ፣ ካጂኝ» አልኳት። «እናቴ» ለማለት እንዲህ ነበር የምጠራት። «ወረቀት ብቻ ነው።»

«ወረቀት ላይ የሚጻፈውን እኮ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ግን ራሷ ተነስታ ጫማዋን አጠለቀች።

ከምስክሮቹ አንዱ ጎረቤታችን፣ የጎጃሙ ጨው ነጋዴ ነበሩ። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። እኔ ከወረዳው ቢሮ ውጭ መስኮቱ ሥር ቆሜ እሰማለሁ። «ልጅ የላትም» አሉ። ጸሐፊው ያስታውሰናል፤ ግን ያሉትን ጻፈ። ነጋዴው ሲወጡ እኔን ሳያዩኝ በአጠገቤ አለፉ።

አምቦ አድረን በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። የሆስፒታሉ መዝጋቢ ወረቀቱን አየችና «አንቺስ ምኗ ነሽ?» አለችኝ።

«የጎረቤት ልጅ ነኝ።»

እናቴ አጠገቤ ነበረች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ባለበት «አንቺ የጎረቤቴ ልጅ» ነበር የምትለኝ። አንዴ ከገባችበት ወዲያ ከእኔ ይልቅ እሷ ትጠነቀቅ ነበር።

የበሰበሰውን አጥንት ፍቀው አወጡት፤ ጥርሶቿንም ከሞላ ጎደል ነቀሏቸው። ማደንዘዣው ሳይለቃት «ኢንታላ ኮ፣ ኢንታላ ኮ» ማለት ጀመረች።

«ምን እያለች ነው?» አለች ነርሷ።

«ውሃ ጠምቷት ነው» አልኳት።

ነርሷ ጥጥ በውሃ ነክራ ከንፈሯን አራሰችላት። እናቴ ግን መጥራቷን አልተወችም። እኔም እጇን አልያዝኩም።

ዳነች። ወረቀቱ የሚሸፍነው ግን መቅደዱን ብቻ ኖሯል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ በገንዘብ ነው ብለው ሸኙን።

ነቀምቴ በተመለስን በሁለተኛው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎቱ እንዳለቀ እናቴ ተነስታ ምእመናኑ ፊት ቆመች። ማንም አልጠራትም። በኦሮምኛ ጀመረች፤ ጥርስ የሌለው አፏ ቃሉን ሁሉ አላልቶ ያፈሰዋል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሰባኪው «እስቲ ይድገሙልን» አሏት። ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜም አለችው፤ ላብ በግንባሯ ይወርዳል።

እኔ ገብቶኛል። «ልጄን ካድሁ፤ በሐሰት አሻራዬን አኖርሁ» ነው የምትለው። ተነስቼ በእሷ ፈንታ መናገር ነበረብኝ። ወረዳው ይሰማል ብዬ ፈራሁ፤ ሥራዬንም ፈራሁ። ከተቀመጥሁበት ሳልነቃነቅ ጉልበቴን አየሁ።

ሰዉ ስለ መዳኗ የምታመሰግን መሰለው። «አሜን» አላት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ትንሽ ቆማ አየቻቸውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በዓመቱ ገንዘብ አጠራቅሜ ጥርስ አሠራሁላት። በግራ በኩል መንጋጋዋ ጎድጉዶ ስለነበር አልገጠመላትም፤ ድዷን እያቆሰለ ሲያስቸግራት አውልቃ ተወችው። ገንፎና አጥሚት እየቀመሰች ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ስለዚያ ወረቀት እሷም አላነሳች፣ እኔም አልጠየቅኋት።