የአጎቴ ላብ የደረቀ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ቆላው ሆሞሻ ውስጥ፣ ሲመሻሽ ከጎረቤታችን ከሼህ ኢድሪስ ግቢ አልጠፋም ነበር። ሼህ ኢድሪስ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ ተረታቸው ግን አንድም ቀን ተደናቅፎ አያውቅም። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ያኔ ደጋግመው የሚነግሩን የፀሐይን ተረት ነበር። ፀሐይ ከደጋ የመጣ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆማ ውሃ ትጠይቃለች። አንዱ እንግዳ እየቀዳ ሰጣት፤ ጠጥታ ጠጥታ ለመደችውና ቤተኛ አደረገችው። ሌላው ቆጥቦ ደበቀባት።

«ፀሐይ ምን አለ? ‹ውሃ ከሌለ እንስራውን እወስዳለሁ› አለ» ይሉና የሁላችንንም ግንባር ላብ እንዳለው ለማየት በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። እንግዳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በጠዋት ብቻ ይሥራ፣ ፀሐይ ስትበረታ ማንጎ ጥላ ሥር ጨው ጣል የተደረገበት ውሃ እየጠጣ ይቀመጥ የሚለው የአካባቢው ልማድም ከዚሁ የመጣ ነው ይሉን ነበር።

አባቴ በዚህ ይስቅ ነበር። ከወሎ ደጋ መጥቶ ቆላውን የቻለ ሰው ስለሆነ፣ ሰውነት የሚለምደው ሲጨክኑበት ነው ባይ ነው። በመጋቢት ታናሽ ወንድሙ ሰይድ ከወሎ ሲመጣ፣ በማግስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ጉቶ ነቀላ አሰማራው። የሰይድ ላብ ይወርዳል፣ ሸሚዙ ይጨመቃል። አባቴ «ቧንቧው» አለው፤ እኔም ተቀብዬ ቧንቧው፣ ቧንቧው እያልኩ ተከተልኩት። ሰይድ በላቡ አፈረ። እንዲቀንስለት ብሎ ውሃ መጠጣት ተወ፤ የማቀብለውን ጆግ «ጠግቤያለሁ፣ እናቴ» እያለ ይመልስልኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ውሃ ይዤ ስደርስ የሰይድ ሸሚዝ ደርቋል። ግንባሩም። አባቴ መጥረቢያውን ጥሎ «ለመደ! በአምስት ቀን!» ብሎ ጮኸ፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ያኔ የሼህ ኢድሪስ መዳፍ ትዝ አለኝ፣ እንስራው ትዝ አለኝ። ግን አባቴን ማስከፋት ፈራሁና አጨበጨብኩ። ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» አለኝ። በር የለም፣ ሜዳ ላይ ነን። አባቴ ቀልድ መስሎት እንደገና ሳቀ። ሰይድ ሲወድቅ እጁን ያዝኩት፤ ይፋጃል። በሞተር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ሲደርሱ ሬሳ ነበር።

ወሎ ላሉት ዘመዶች አባቴ በስልክ «ወባ ነው» አላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሼህ ኢድሪስ ለቅሶ መጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንን ተረት አልነገሩንም።

አሁን እርሻውን የማሠራው እኔ ነኝ። ከደጋ ለሥራ የመጣ ሰው ሁሉ ሁለት ሳምንት በጠዋት ብቻ ይሠራል፤ ግንባሩን ዳብሼ ረጥቦ ሳገኘው ብቻ ነው የምተነፍሰው። አባቴ አርጅቶ ደጃፍ ላይ ይውላል። ሰዎቹ ሲያልባቸው እያየ ይስቅና «የእኔ ወንድም በአምስት ቀን ነው የለመደው» ይላቸዋል። ወባ ነው ማለቱን ረስቶታል፣ ወይም አልረሳውም። አንድ ነገር ልመልስለት አፌን እከፍትና ማጨብጨቤ ትዝ ይለኛል። ለሰዎቹ ውሃውን አቀብላለሁ።