የሁሴን እንስራ ተክሎች

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ

ላምበረት መናኸሪያ በደንብ አልነጋለትም። ተራ አስከባሪው «መንገዱ ክፍት ነው፣ ሮቢት፣ ሮቢት» እያለ ይጣራል። ድሮ የከተማውን ስም ብቻ ነበር የሚጠራው። ካሜራዬንና አንድ ባዶ የበረዶ ሳጥን ታቅፌ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ።

የምሄደው ሁሴን ዘንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ስለ ዕፅዋት ተምረናል። እኛ አዲስ አበባ ስንቀር እሱ ሸዋ ሮቢት ተመልሶ፣ ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ ተማሪዎች የሚጎበኙት ትንሽ የዕፅዋት ማዕከል ከፈተ። ሁለት የላስቲክ ቤቶች አሉት። በትልቁ ውስጥ ከሩቅ ምሥራቅ በዘር መጥተው እዚሁ ያደጉ ነፍሳት በል ተክሎች አሉ። ከቅጠላቸው ጫፍ ክዳን ያላት እንስራ ትንጠለጠላለች፤ ዝንቡ ከአፏ ላይ ያዳልጠውና ውስጧ ያለው ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ተክሉም እሱን ይመገባል። ሁሴን «እንስራ ተክል» ይላቸዋል። በየዓመቱ ወርጄ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ሰሞኑን ደወለና፣ ማንሳት ከፈለግሽ አሁኑኑ ነይ፣ ሳጥንም ያዢ አለኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም።

ረፋድ፣ ጣርማ በር

ጉሙ ዋሻውን ውጦታል። የተቀቀለ ድንች የሚሸጡት ሴቶች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋል። አጠገቤ ያለው ነጋዴ ከሮቢት አልፎ ጀውሃ ድረስ ይወስደው እንደሆነ ሹፌሩን ጠየቀው። ሹፌሩ መስታወቱን እየወለወለ፣ «ልጆች አሉኝ» አለ።

ከዋሻው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን አወለቅኩ። ሮቢት ስንገባ ሸሚዜ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል። የሽንኩርት ጆንያ፣ የማንጎ ክምር፣ ባጃጅ፣ ጠመንጃ ያነገቡ ወጣቶች።

ቀትር፣ ሸዋ ሮቢት

ሁሴን በር ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል። ወደ ትንሹ ላስቲክ ቤት ሲያስገባኝ አምና ያየኋቸው አበቦች የሉም። በመደቦቹ ምትክ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የልጆች ልብስ የተሰጣበት ገመድ። አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ያስላሉ። እህቱ መዲና ነች ከመሐል ተነስታ የሳመችኝ። አጣዬ ሲቃጠል ቤቷን አጥታ፣ ተመልሳ ሠርታ፣ አሁን ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ልጆቿንና አማቷን ይዛ ሸሽታለች። ጎረቤቶቿም ተከትለዋት መጥተዋል። ባሏን አላየሁትም።

ሁሴን ውጭ አውጥቶ ነገረኝ። የቤቱ ክፍሎችም ትንሹ ላስቲክ ቤትም ሞልተዋል። ግማሹ ሰው የሚያድረው በረንዳና ሸራ ሥር ነው፤ ሸራው ያፈሳል፤ ክረምቱም ደርሷል። ሰው ያልገባበት የማያፈስ ጣራ የትልቁ ላስቲክ ቤት ብቻ ነው። ቀን ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ጎንና ጎኑ ከተከፈተ ግን ሌሊት ይታደርበታል።

«ጥግ ላይ ጥቂቱን ማቆየት አይቻልም?» አልኩት።

«ጭጋግ ካልተረጨላቸው ይደርቃሉ፤ ከተረጨ ደግሞ ፍራሹ ይረጥባል። አስቤበታለሁ። ፓምፑን ዛሬ ጠዋት ዘጋሁት።»

መዲና ከኋላችን ቆማ ኖሯል።

«እኔ በረንዳው ይበቃኛል ብዬዋለሁ» አለችኝ። «ወላሂ ብዬዋለሁ። ስንት ዓመት የለፋበት ነው። እህቴ፣ አንቺ ንገሪው።»

ሁሴን ዞር ብሎ ሳያያት፣ «አማትሽ ምን ይሉኛል፣ ጎረቤትስ? ሰው በዝናብ ሲደበደብ ሁሴን ዝንብ ለሚበላ ቅጠል ጣራ ሰጠ ይባል?» አላት።

እኔን ይመለከቱኛል። ካሜራዬን አወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ

የትልቁ ላስቲክ ቤት ውስጡ አሁንም ይወብቃል። እንስራዎቹ ከጣራው ሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ እንደ ክንዴ የረዘሙ፣ አንዳንዶቹም ከጣት የማይበልጡ። ክዳናቸው ሥር ገና ጠል አለ። አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ወደ ማምሻው ግን የአፋቸው ጠርዝ ውበቱን እያጣ፣ እየጠቆረ መጣ። መጀመሪያ ያነሳሁትንና መጨረሻ ላይ ያነሳሁትን ሳስተያይ የአንድ ተክል ፎቶ አይመስልም።

ሁሴን ሦስቱን ትንንሾች በእርጥብ ሣር ጠቅልሎ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጠልኝ። የቀሩትን ራሱ ነቀለ። ከመንቀሉ በፊት እያንዳንዷን እንስራ ዘቅዝቆ ውሃዋን ያፈስሳል፤ የዝንብ ክንፍ፣ የጉንዳን ጭንቅላት መሬቱ ላይ ይቀራል። መዲና አንዴ ልታግዘው መጣች። እጇን ይዞ መለሳት። ሲጨርስ ሰሌኑን ራሱ ዘረጋ፤ አማቷንም ደግፎ አስገባቸው። አሮጊቷ ጣራውን ቀና ብለው አይተው፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ያኔ ነው ሁሴን ወጥቶ ከማንጎው ሥር ብቻውን የተቀመጠው።

ስሰናበተው አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ፎቶውን ሳወጣ ሁሴን ብቻ እንድለው፣ ማን እንደሆነ እንዳይለይ የአባቱን ስም እንዳልጽፍ።

እሑድ፣ ወደ አዲስ አበባ

ኬላው ላይ አንድ ታጣቂ ሳጥኑን አስከፈተኝ። ተክል ነው አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየና ይበላ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይበላም ስለው ክዳኑን መልሶ ዘጋው።

ጣርማ በር ላይ ብርዱ ጠበቀን። ሳጥኑን በሹራቤ ጠቀለልኩት። ቤት ደርሼ ስከፍተው የሁለቱ ቅጠል በሙቅ ውሃ የተነከረ ጎመን መስሏል። ሦስተኛውን መታጠቢያ ቤት አስቀምጬ ውሃ ረጨሁለት። ማክሰኞ ጠዋት እሱም ጠውልጎ ወደቀ።

የዚያኑ ዕለት ሁሴን ደወለ። ልዋሸው አስቤ ነበር፤ ድምፁን ስሰማ አልቻልኩም። አንድም አልተረፈም አልኩት። ከኋላው ሴቶች ሲነጋገሩ፣ አሮጊቷም ሲያስሉ ይሰማኛል።

«ትላንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ» አለኝ በመጨረሻ። «ማንም አልረጠበም።»