የአራት ሰዓት መንገድ

ትናንት ቡታጅራ ሻንጣ መሸጫ ገብቼ የአዲስ ላስቲክ ሽታ ሲያውደኝ አክስቴ አስካለ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ወልቂጤ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አስካለ ልክ እንዲህ የሚሸት ሻንጣ ይዛ ለሥራ ወደ ዱባይ ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። እናቴ አለቀሰች።

«ምን ያስለቅስሻል እታለም?» አለቻት አስካለ። «በአውሮፕላን የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ከዚህ አዲስ አበባ በአውቶቡስ እንደመሄድ ቁጠሪው።»

«መንገዱ መቼ አስለቀሰኝ» አለች እናቴ።

ግራ ገባኝ። እናቴ ራሷ ለሱቋ ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ እየሄደች በማግስቱ ትመለሳለች፤ ያን ጊዜ የሚያለቅስ የለም። ስለዚህ በማግስቱ አስካለን ልቀበላት መናኸሪያ ሄድኩ። አውቶቡሶቹ እየመጡ ሰው አራገፉ፤ እሷ የለችም።

አመሻሹ ላይ እናቴ ስትፈልገኝ ቆይታ አገኘችኝ። ማንን እንደምጠብቅ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ስል አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እሺ፣ የሚቀጥለውን እንይ» አለችኝ።

አስካለ የመጣችው እኔ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ ነው። ዛሬ እኔም እናት ነኝ። እናቴ ያን ምሽት አስካለ እንደማትመጣ እያወቀች፣ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ለምን ከእኔ ቀድማ ብድግ ትል እንደነበር ግን እስካሁን አልገባኝም።